መብራት ለጠፋበት ማታ፦ ገበጣ ላሠራ ወይስ ካታን ላስመጣ?

ጭጋግ_ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ያለሁት ደሴ ነው፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። ክረምቱን ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ይዘጋዋል፣ ማታ ደግሞ መብራቱ ይሄዳል። ልጆቹ ስልክ ላይ ናቸው። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ እርስ በርስ ይናከሳሉ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ማታ በተከታታይ ሻማ አብርተን ተፋጠን ተቀመጥን። ባለቤቴ "አንድ የምንጫወተው ነገር እንኳ የለንም እኮ" አለች። እውነቷን ነው።

ቤቱ አምስት ሰው ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ትልቁ 12 ዓመቱ፣ ትንሿ 8 ዓመቷ፣ እና እናቴ። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ሰኞ ገበያ እህል ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸውና ሒሳብ በቃላቸው ነው የሚሠሩት።

እህቴ ፍራንክፈርት ናት፣ ለመስከረም ትመጣለች። "ሻንጣው ሞልቷል፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" ብላኛለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ካታን የሚባል ጨዋታ አዲስ አበባ ተጫውቶ አብዷል፣ እሱን አስመጣ ይለኛል። ሰፈር ያለ አናጢ ደግሞ ጥሩ ገበጣ እሠራልሃለሁ አለኝ። ሁለቱንም አድርግ ልትሉኝ ነው። ዋናው ገንዘቡ አይደለም (እሱም ነው)። ሁለት ከሆኑ ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ የሚል ፍርሃት ስላለኝ ነው። የኔ ሆድ ወደ ገበጣ ያደላል፣ በተለይ ለእናቴ ብዬ። ልጁ ግን "ጠጠር መቁጠር ምኑ ጨዋታ ነው" እያለ ነው። ምን ትላላችሁ?

ቆርኪ_ሰብሳቢ
ወንድሜ ሁለቱም አያስፈልግህም። ካርቶን ቅደድ፣ 8 በ8 አስምር፣ ከግሮሰሪ 24 ቆርኪ ለምን፣ ዳማ ተጫወት። አንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ ሌላው ገልብጦ። አለቀ። እኔ አራዳ ላይ ከሊስትሮዎች ጋር እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት። ዳማ ላይ ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ስምንት ሰው ቆሞ "ብላ! ብላ እንጂ! አይታይህም?" ይላል፣ ስለዚህ አምስት ቤተሰብ ለዳማ ትንሽ ነው እንዲያውም 😄 ጀርመን ድረስ ምን አስኬደህ።

ኮምቦልቻዊት
ካታን አለን። አራት ጓደኛሞች ነን፣ ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ማታ ነው የምንጫወተው። ስለዚህ ከመስማት ሳይሆን ከማየት ነው የምነግርህ።

ባዶ ደሴት ነው። 19 ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጮች ትገጣጥማለህ፣ በየጊዜው ስለምታቀያይራቸው ደሴቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። ከጫካው እንጨት፣ ከኮረብታው ጡብ፣ ከግጦሹ በግ፣ ከእርሻው ስንዴ፣ ከተራራው ማዕድን ይወጣል። ሁለት ዳይስ ይወረወራል። የወጣው ቁጥር የተቀመጠበት መሬት ያመርታል፣ ጥጉ ላይ ቤት የሠራ ሁሉ ይወስዳል፣ ተራው የማንም ይሁን። በወሰድከው መንገድ ትሠራለህ፣ ቤት ትጨምራለህ፣ ቤቱን ከተማ ታደርገዋለህ። መጀመሪያ 10 ነጥብ የሞላ አሸነፈ። ክላውስ ቶይበር የሚባል ጀርመናዊ ነው የፈጠረው፣ ሥራው የጥርስ ቴክኒሻን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በዚያው ዓመት የጀርመንን የዓመቱ ጨዋታ ሽልማት ወሰደ።

ግን ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ያለው ነው። ጨዋታው ያለው አፍ ላይ ነው። አንተ ጡብ አለህ በግ የለህም፣ እኔ በግ ሞልቶኛል ጡብ የለኝም። እንደራደራለን፣ እንኮራረፋለን፣ አንዷ "ለሷ እንዳትሰጣት፣ 8 ነጥብ ደርሳለች!" ብላ ትጮሃለች። ጎረቤታችን አንድ ማታ የምር የተጣላን መስሏቸው በር አንኳኩተዋል።

አሁን መጥፎውን ልንገርህ። አንደኛ፣ ሣጥኑ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ነው። እናንተ አምስት ናችሁ። ለአምስተኛና ስድስተኛ ሰው ማስፋፊያው ለብቻው ይሸጣል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ማታ እኛን ሦስት ሰዓት ወሰደብን፣ ግማሹ ሕጉን ማንበብ ነበር። ሦስተኛ፣ ፍራንክፈርት ሄዳ ዝም ብላ ከገዛች ጀርመንኛ ነው የሚደርስህ 😂

ጭጋግ_ደሴ
ጀርመንኛውን አላሰብኩትም ነበር!! ጽሑፍ ይበዛበታል? እናቴ አያነቡም፣ ትንሿም አማርኛውን ገና በጣቷ እየጠቆመች ነው የምታነበው።

ኮምቦልቻዊት
አይበዛም። የምርቱ ካርድ ሥዕል ነው፣ በግ በግ ነው። ጽሑፍ ያለበት በዋናነት 25 ካርድ ነው፣ እሱም ቢሆን 14ቱ አንድ ዓይነት ናቸው። የቀሩት ሦስት ዓይነት ልዩ ካርዶችና የነጥብ ካርዶች ናቸው። አንድ ጊዜ ፕላስተር ላይ በአማርኛ ጽፎ መለጠፍ ነው።

የቢስቲማው
ልጄ፣ እኔ ስለ ጀርመኑ አላውቅም። ስለ ገበጣ ግን ልንገርህ።

እኛ ወረባቦ ከብት ስንጠብቅ አናጢ አልነበረንም። መሬት እንቆፍራለን፣ ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ። ጠጠር ከተገኘ ጠጠር፣ ካልተገኘ የፍየል በጠጥ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት። ከራስህ ወገን አንዱን ታነሳለህ፣ ለቀጣዮቹ አንድ አንድ እያልክ ታድላለህ። የመጨረሻዋ ጠጠር ሌላ ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ከወደቀች እሱንም አንስተህ ትቀጥላለህ። ባዶ ላይ ስትወድቅ ታርፋለህ። ጎበዝ ልጅ ጠጠሩን በጣቱ አይነካም፣ በዓይኑ ይቆጥርና ከየት ቢያነሳ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። በጣቱ የሚነካካውን እንስቅበት ነበር። አንድ ጓደኛዬ ነበር፣ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ አይቶ ያነሳና እየዞረ እየዞረ ሲሄድ እኛ ትንፋሽ አጥተን እናያለን፣ መጨረሻ ላይ ያሰበው ቦታ ላይ ያርፋል። በዚህ መሃል ከብቱ ማሽላ ውስጥ ይገባል። የተገረፍኩት ሁሉ በገበጣ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

የምታሠራ ከሆነ አንድ ነገር ስማኝ። ጉድጓዱ ሰፊ ይሁን፣ የትልቅ ሰው እጅ ገብቶ የሚያፍስ። ጨዋታው ሲሞቅ አንዱ ጉድጓድ ላይ አሥር አሥራ አምስት ጠጠር ይጠራቀማል። አናጢዎች ለውበት ብለው ጠባብ ያደርጉታል።

ሐይቅ_ዳር
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የት ጋ ነው የሚበሉት? እኛ ሐይቅ የመጨረሻዋ ጠጠር በራስህ ወገን ባዶ ላይ ካረፈች ፊት ለፊት ያለውን የባላጋራህን ትበላለህ። ነው ወይስ አይደለም?

የቢስቲማው
አይደለም። አራት ስትሞላ ነው የሚበላው። የመጨረሻዋ ጠጠር ገብታ አራት ካደረገችው የአንተ ነው።

ሐይቅ_ዳር
ኧረ ጋሼ! አራት ሲሆን የሚበላው የትግራይ ነው ይላሉ እኛ ጋ።

ወልድያ_ማዶ
እኛ ጋ ደግሞ ሦስት ረድፍ ነው፣ ሦስት ሦስት ጠጠር። እናንተ የትኛው አገር ናችሁ 😂

ሐይቅ_ዳር
@ወልድያ_ማዶ ሦስት ረድፍ?? ያ ሌላ ነገር ነው።

የሒሳብ_መምህር
ጸብ አታስፉ፣ ሁላችሁም ልክ ናችሁ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ጽፈዋል፣ እዚያ ውስጥ የየአካባቢው ሕግ ብዛት ጉድ ነው። የሦስት ረድፉ ደግሞ የኛው አካባቢ መለያ ነው፣ ሌላው አፍሪካ ሁለት ወይም አራት ረድፍ ነው የሚጫወተው። ስለዚህ ጭጋግ፣ ገበጣ ካሠራህ የመጀመሪያው ሥራህ ቤት ውስጥ ሕግ ማውጣት ነው።

እኔ ግን ሌላ ነገር ልበል። ልጅህ "ጠጠር መቁጠር ምኑ ጨዋታ ነው" ብሏል። ይህን ንገረው። የገበጣ ዘመድ የሆነ አዋሪ የሚባል የምዕራብ አፍሪካ ጨዋታ አለ። 12 ጉድጓድ፣ 48 ጠጠር፣ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች ኮምፒውተሮች አገናኝተው ሙሉ በሙሉ ፈቱት፣ ከየትኛውም አቀማመጥ መጨረሻው ምን እንደሚሆን አወቁ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ያየው አቀማመጥ ከ889 ቢሊዮን በላይ ነው። ሁለቱም ወገን ካልተሳሳተ መጨረሻው አቻ ነው። ዳማም (የእንግሊዞቹ ሕግ ማለቴ ነው) እ.ኤ.አ. በ2007 ካናዳ ውስጥ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ነው የተፈታው፣ ሥራው ከተጀመረ 18 ዓመት ሆኖት። እሱም አቻ። እንግዲህ ቆርኪና ጠጠር ማለት ይህ ነው። ሕጉን በአምስት ደቂቃ ትማራለህ፣ ዳማውን ለመፍታት ግን ኮምፒውተር ዓመታት ፈጀበት።

ስለ ካታን ደግሞ አንድ የማይሸሸግ ነገር አለ፣ ዕድል አለበት። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወራረድ አለው። 7 በስድስቱ ይወጣል፣ 6 እና 8 በአምስት አምስቱ፣ 2 እና 12 በአንድ አንዱ ብቻ። ልጆች መጀመሪያ ቤት ሲያስቀምጡ ያማረውን ቦታ ይመርጣሉ፣ 12 ላይ ይቀመጡና ሙሉ ማታ ምንም ሳያገኙ ያለቅሳሉ። ቀይ ቁጥሮቹን፣ 6 እና 8ን፣ ይመልከቱ በላቸው። ይህን ትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ሳስተምር ግማሹ ክፍል ያዛጋል፤ በጨዋታ ግን አንዴ ከተቃጠሉ አይረሱትም።

አሚር_ከሚሴ
አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ወሎ ውስጥ ስለሆንን። የጎረቤት ልጆች መጥተው የሚጫወቱ ከሆነ ቀድመህ አስብበት። ዳይስን በተመለከተ የመጣ ሐዲስ ስላለ አባቴ ዳይስ ያለበት ነገር ቤት አያስገቡም። ሉዶ እንኳ አልተጫወትንም። ገበጣ ግን ዳይስ የለውም፣ በራሳቸው እጅ አስተምረውኛል። እኛ ሰፈር ልጆች ከቤት ቤት እየገቡ ነው የሚያድጉት፣ የአንዱ ቤት ጨዋታ የሌላው ቤት ጣጣ እንዳይሆን።

ጭጋግ_ደሴ
@አሚር_ከሚሴ ወዓለይኩም ሰላም። ጥሩ አደረግህ ያነሳኸው። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ሙስሊም ናቸው፣ ልጆቻቸው ከኛ ቤት አይጠፉም። አላሰብኩትም ነበር።

የሒሳብ_መምህር
ዳይሱ ብቻ ከሆነ ችግሩ መላ አለው። 36 ትንንሽ ወረቀት ቁረጥ። በአንዱ 2፣ በሁለቱ 3፣ በሦስቱ 4 እያልክ 7ን በስድስቱ ጻፍ፣ ከዚያ እየቀነስክ እስከ 12። ቆብ ውስጥ ከተህ እየበጠበጥክ አንድ አንድ ታወጣለህ፣ 36ቱ ሲያልቅ እንደገና ትጀምራለህ። እንዲያውም ከዳይሱ ይልቅ ሚዛናዊ ነው።

አሚር_ከሚሴ
ለአባቴ ነገርኳቸው። "ያው ዳይስ ነው፣ ቆብ ለብሶ መጣ እንጂ" አሉኝ 😂😂

የሒሳብ_መምህር
😂 ተሸነፍኩ።

ቆርኪ_ሰብሳቢ
አባትህ ይግቡና እዚህ ይጻፉልን ወላሂ።

ወልድያ_ማዶ
ስለ ጥንቱ ከተነሳ ሠንጠረዥን ማን ረሳው? የኛው የአበሻ ቼዝ። ነገሥታቱና መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው፣ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮ። የሚገርመው አጀማመሩ ነው። ሁለቱም ባንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ተራ የለም፣ የፈለግከውን ያህል ትገፋለህ፣ የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው።

ኮምቦልቻዊት
የ12 እና የ8 ዓመት ልጆች፣ በሻማ፣ ያለ ተራ። ጭጋግ አደራህን እንዳትሞክረው።

ሣጥኑ_ቁም_ሳጥን_ላይ
ስሜን አይታችሁ ታሪኬን ታውቃላችሁ። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ትልቅ የስትራቴጂ ጨዋታ አመጣችልን። ስሙን አልጠራም፣ ጨዋታው ምንም አላጠፋም። ሣጥኑ የመሶብ ያህል ነው። የሕግ መጽሐፉ ከ20 ገጽ በላይ ነው። እኔ ቀን ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ ማታ ቤተሰቡን ሰብስቤ ማስረዳት ጀመርኩ። ማስረዳቱ 40 ደቂቃ ሆነ። አባቴ አቦል ሳይወርድ ተኙ፣ ወንድሜ ኳስ አለ ብሎ ወጣ፣ እናቴ በዝምታ አየችኝና "አንተ ተጫወት ልጄ፣ እኛ እናይሃለን" አለችኝ። ብቻዬን!! ለካ ብቻ መጫወትም ይቻላል፣ ሕጉ ውስጥ አለ፣ እና እሱን ያደረግኩት ቀን ነው የተውኩት። አሁን ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ "ይህ ምንድን ነው?" ይላል፣ ከአሜሪካ የመጣ ነው እንላለን።

ከገበጣ ብትጀምር ይሻልሃል። ቢያንስ ማንም ሰው ሳይገባው አይቀርም።

ኮምቦልቻዊት
@ሣጥኑ_ቁም_ሳጥን_ላይ አዝናለሁ ግን ጥፋቱ ማስረዳቱ ላይ ነው 😅 ሕግ ተነቦ አያልቅም። እኛ ሁለተኛ ጊዜ አዲስ ሰው ስናስገባ ምንም አናስረዳም። "ይህ በግ ነው፣ ይህ ጡብ ነው፣ መንገድ በእንጨትና በጡብ ይሠራል፣ ጀምሪ" ነው የምንላት። ሌባውን ሌባው ሲመጣ ነው የምንነግራት። (7 ሲወጣ ሌባው ይንቀሳቀሳል፣ አንድ መሬት ላይ ተቀምጦ ምርቱን ያስቀራል። ከ7 ካርድ በላይ የያዘ ደግሞ ግማሹን ይጥላል። ይህንንማ መጀመሪያ ላይ ብትነግራቸው አይገባቸውም፣ ሲደርስባቸው ግን ይገባቸዋል።)

ሐይቅ_ዳር
አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። ገበጣ ለሁለት ሰው ነው፣ ዳማም ለሁለት። አምስት ሰው ሻማ ዙሪያ ተቀምጦ ሁለቱ ሲጫወቱ ሦስቱ ምን ይሠራሉ? እኔ የካታን ሰው አይደለሁም፣ አይቼው አላውቅም፣ ግን ጥያቄህ "መብራት ሲጠፋ አንድ ላይ ምን እናድርግ" ከሆነ ገበጣው ጥያቄውን አይመልስልህም። ጥያቄህ ሌላ ከሆነ ሌላ ነው።

የቢስቲማው
ልክ ብለሃል። ግን ሦስቱ ያያሉ። እኛ ማየቱም ጨዋታ ነበር።

ጭጋግ_ደሴ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ማታ እያነበብኩ ነበር። እንዲህ ወሰንኩ። ገበጣውን አሁን አሠራለሁ፣ ምክንያቱም ክረምቱ አሁን ነው ያለው፣ እህቴ የምትመጣው በመስከረም ነው። እስከዚያ እናየዋለን። ካልተጣላን ካታኑንም እነግራታለሁ።

@ቆርኪ_ሰብሳቢ ዳማውንም በካርቶን ሠርተነዋል፣ ልጁ ነው ቆርኪ የሰበሰበው። ከየት እንደሰበሰበ እናቱ ጠይቃዋለች፣ ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ።

ጭጋግ_ደሴ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ገበጣው መጣ። ጋሼ የቢስቲማው፣ እንዳሉኝ ለአናጢው ነግሬው ነበር። "የትልቅ ሰው እጅ የሚገባበት" ብዬ እጄን ሁሉ አሳይቼዋለሁ። እሱ ግን የቡና ሲኒ የማያስገባ ጉድጓድ ሠርቶ አመጣልኝ። ቫርኒሹ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ላይ ሐረግ ቀርጾበታል፣ በጣም ያምራል። ሰባተኛ ጠጠር ስትጨምር ይፈስሳል። መልሼ ወሰድኩለት፣ "ለጌጥ መስሎኝ ነው" አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ አስቆፍሬ አሁን ደህና ነው። ሐረጉ ግማሹ ጠፋ።

ጠጠሩን መጀመሪያ በሽምብራ ተክተነው ነበር። ምክር፦ የተቆላ ሽምብራ አታድርጉ። 48 ተብሎ ተጀምሮ 31 ላይ ነው ያለቀው።

የማይገርመው፣ ልጁ ሁለት ማታ ተጫውቶ ተወው። የሚገርመው፣ ትንሿ ለቀቅ አላደረገችውም። ጠዋት ከቁርስ በፊት ብቻዋን እየደረደረች "ከዚህ ባነሳ እዚህ ነው የማርፈው" ትላለች። በዓይኗ መቁጠር ጀምራለች ጋሼ። ከጎረቤት ልጅ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት።

አሁን ደግሞ ትልቁ ጉድ። ለእናቴ ብዬ አይደል ያሠራሁት? ወንበር አቅርቤ፣ ገበጣውን ፊታቸው አድርጌ "እማዬ፣ እስቲ እንደ ድሮው" አልኳቸው። አዩት። እንደገና አዩት። "ይህን እኮ ፍየል ስጠብቅ ነው የተጫወትኩት። ፍየሉን ከተገላገልኩ ስንት ዘመኔ፣ አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ ልትመልሰኝ ነው?" ብለው ቡናቸውን ቀጠሉ።

የቢስቲማው
😂 እናትህን ሰላም በላቸው። ልክ ናቸው።

ኮምቦልቻዊት
ኧረ እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ። ካታኑን አስመጣ።

ሣጥኑ_ቁም_ሳጥን_ላይ
አታስመጣ። ቁም ሳጥንህን ለካው መጀመሪያ።

ጭጋግ_ደሴ (ጥቅምት)
እሺ፣ የመጨረሻውን ልንገራችሁ። እህቴ አመጣችው። ጀርመንኛ ነው 🤦 አንዴ በእንግሊዝኛ ፈልጊ ብያት ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ያገኘችውን ይዛ መጣች። ባለቤቴ ፕላስተር ቆርጣ በእስክሪብቶ አማርኛውን ለጠፈችበት፣ እንደተባለው አንድ ማታ ነው የፈጀው። ሌባውን ትንሿ "ጅቡ" ብላ ሰየመችው፣ አሁን ሁላችንም ጅቡ ነው የምንለው።

አምስት ሰው የሚለውን (ከእህቴ ጋር ስድስት ሆነናል) እንዲህ ፈታነው፣ እናቴና ትንሿ አንድ ቡድን ሆኑ፣ እኔና ባለቤቴም ሌላ ቡድን። እናቴ መጀመሪያ "እኔ አያለሁ" ነበር ያሉት። ኮምቦልቻዊት እንዳለችው ምንም አላስረዳንም፣ ዝም ብለን ጀመርን። ዳይሱን የጎረቤት ልጆች ሲመጡ አናወጣውም፣ ያኔ ገበጣ ነው። (አሚር፣ ለአባትህ ንገራቸው፣ ቆቡንም ትተነዋል።)

ሦስተኛው ዙር ላይ ልጁ እህቴን "አንድ ጡብ ስጪኝ፣ አንድ በግ እሰጥሻለሁ" አላት። እህቴ እሺ ልትል ስትል እናቴ ከጎን ሆነው "አንድ በግ በአንድ ጡብ? አብደሻል እንዴ? በግ እኮ ማታ ሁሉም እጅ ላይ አለ፣ ጡብ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ" አሏት። ሁላችንም ዞር አልን። ለካ ዝም ብለው የማን እጅ ላይ ምን እንደገባ ሲቆጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ካርዱን ከትንሿ እጅ ተቀበሉ። ገበያው ተከፈተ በሉት።

ሁለት በግ በአንድ ስንዴ ተስማምተው ካርዱን ከሰጡኝ በኋላ እጃቸውን አይመልሱም፣ "ምርቃቱስ?" ይላሉ። እማዬ በዚህ ጨዋታ ምርቃት የለም እላለሁ። "ምርቃት የሌለበት ገበያ የት አገር ነው ያለው? እንግዲያው ከሌላው እገዛለሁ።" አንድ እንጨት ጨመርኩ። ምን ላድርግ። ባለቤቴ ላይ ደግሞ በዱቤ ሸጡላት፣ "አሁን ማዕድኑን ውሰጂ፣ ስንዴ ሲገባልሽ ትመልሺያለሽ።" ሦስት ዙር አለፈ፣ እኛ ረስተነዋል፣ 5 ወጣ፣ ባለቤቴ ስንዴ አገኘች። ካርዱን ሳታነሳ የእናቴ እጅ ተዘርግቶ ነበር።

ትንሿ ሥራዋ ቦታ መምረጥ ነው። ከገበጣው ይሁን ከምን አላውቅም፣ ጥጉን በዓይኗ ትቆጥራለች፣ ቀይ ቁጥር ላይ ነው የምትቀመጠው። ትልቁ 12 ላይ ተቀምጦ አኩርፏል። @የሒሳብ_መምህር ነግሬው ነበር እኮ።

የሒሳብ_መምህር
አንዴ ይቃጠል፣ ተወው።

ቆርኪ_ሰብሳቢ
ማን አሸነፈ?

ጭጋግ_ደሴ
አራት ጊዜ ተጫውተናል፣ ሦስቱን እነሱ። አራተኛውን እህቴ፣ እሱም እናቴ ለመግሪብ አዛን ሰዓት ጎረቤት ጋ እንጀራ ሊያደርሱ ወጥተው ስለቆዩ ነው።

@ኮምቦልቻዊት የምር አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ቤቱ ተከፍሏል። ይህ የዱቤ ነገር በሕጉ ይፈቀዳል? ምርቃቱስ?

ኮምቦልቻዊት
ካርድ በነጻ መስጠት ሕጉ አይፈቅድም፣ ስለዚህ ማዕድኑን አሁን ሰጥቶ ስንዴውን በኋላ መቀበል አይሆንም። "በኋላ እሰጥሃለሁ" የሚል ቃልም አያስገድድም፣ የማለ ሰው ቢክድ ምንም አይሆንም። ምርቃቱ ግን ችግር የለውም፣ ሁለት በግና አንድ እንጨት በአንድ ስንዴ እንደማለት ነው፣ ተስማምታችሁ እስካደረጋችሁት ድረስ።

ጭጋግ_ደሴ
ነገርኳቸው። "ዱቤ የማያውቅ ሰው የጻፈው ነው፣ ቃሉን የሚክድ ሰው ደግሞ እዚህ ቤት የለም" አሉ። ቅዳሜ ደሴ ውጪና አንቺ አስረጃቸው፣ ቡናው ይጠብቅሻል። ጡብ ካለሽ ግን ደብቂው።